ሦስት እጅ በፍሊንት መንገድ

ብስክሌቴን አጥሩ ላይ ጥያት ነው የገባሁት። ጎማዋ አሁንም እየዞረ ይሆናል። እናቴ ከኩሽና "ጫማሽን! ጭቃ!" ብላ ጮኸች፤ እንዳልሰማ ሆኜ ደረጃውን ሮጬ ወጣሁ። አሁን አልጋዬ ላይ ነኝ። ፖሊሷ ስለ አደጋው እንድጽፍበት የሰጠችኝ ወረቀት ጉልበቴ ላይ ነው። እሱ ላይ ከመጻፌ በፊት ነገሩን እዚህ ደብተር ላይ ከመጀመሪያው ላስቀምጠው፤ ጭንቅላቴ ውስጥ ሁሉም ተደበላልቋል።

ኔቪል ተጎታቹን ይዞ መጥቷል። የፈረስ መጫኛውን ማለቴ ነው። ከመኪናው ኋላ አስሮት፣ መወጣጫውን ዘርግቶ፣ ገመድ ይዞ በረቱ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ኖርማን ደግሞ፣ ያ ሞኝ፣ ካሮት የሚሰጠው መስሎት ጆሮውን አቁሞ ያየዋል። ኖርማን ፈረስ ነው። ኔቪል የወይዘሮ ትራንተር ልጅ ነው። ወይዘሮ ትራንተር እራሳቸው ከማክሰኞ ጀምሮ ሆስፒታል ናቸው።

"ኔቪል ቆይ!" አልኩት ከብስክሌቴ ሳልወርድ። "ፖሊሷ እኮ ገና ምንም አላለችም!"

"ፖሊሷ ምን አገባት? እማዬ ራሷ ብላለች። 'ለመኪናው እጄን ያነሳሁለት እኔ ነኝ' ብላለች። አለቀ።"

"እሳቸው እርግጠኛ አይደሉም።"

"አንቺስ?"

ዓይኔን ወደ ኖርማን አዞርኩ።

"አየሽ?" አለ። አልተቆጣም፣ እሱ ነው የባሰኝ። ዓይኑ ቀልቷል፤ ሦስት ቀን ያልተኛ ሰው ነው የሚመስለው። "ታምሲን፣ ይቺ ሴትዮ ሰባ አንድ ዓመቷ ነው። ትከሻዋ ተሰብሯል። በሚቀጥለው አንገቷ ቢሆንስ?" ገመዱን እጁ ላይ ጠመጠመና እንደገና ፈታው። "እሺ፣ በቃ። ነገ ጠዋት አራት ሰዓት። ፖሊሷ እዚህ መጥታ ወረቀትሽን ትቀበልሻለች አይደል? እኔም እዚሁ ነኝ። የእማዬ ጥፋት እንዳልሆነ ካየሁ ተጎታቹን ባዶውን ይዤ እሄዳለሁ። ከሆነ ግን ኖርማን ይሄዳል። ቃል የገባችው እሷ ናት፣ እኔ አይደለሁም።"

ይሄ እውነት ነው፣ ቃል ገብተዋል። እኔም ነበርኩ። ባለፈው ዓመት ሰባኛ ልደታቸው ላይ ኬኩ ሳይቆረጥ ኔቪል "እማዬ፣ ስጦታ ሳይሆን ቃል ነው የምፈልገው" አላቸው። "አደጋ ደርሶ ጥፋቱ ያንቺ ከሆነ፣ በዛው ቀን ፈረስ ላይ መውጣት ያበቃል።"

ሻማውን እፍ አሉና "ጥፋቱ የኔ ከሆነ ኖርማንን ራስህ መጥተህ ውሰደው" አሉ። "ግን አይሆንም። ሕጉን ከጻፉት ሰዎች በላይ ነው የማውቀው።"

ሁላችንም ሳቅን። እኔ ኬክ አፌ ውስጥ እያለ ነው የሳቅኩት።

ወይዘሮ ትራንተርን በመንደራችን የማያውቅ ሰው የለም፤ ምክንያቱም ከሠላሳ ዓመት በታች የሆንነውን በሙሉ ያበሉን እሳቸው ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ሠርተዋል። የተፈጨ ሥጋ ከተፈጨ ድንች ጋር፣ ማክሰኞ ማክሰኞ። ትምህርት ቤት ውስጥ እኔን ሲያይ ደስ የሚለው ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ። ሰልፉ ላይ ስደርስ ጭልፋቸውን አንስተው "ታም፣ ዛሬ ክፍል ነው የተማርሽው ወይስ ሽንት ቤት?" ይሉኛል። ሽንት ቤት ነበር። ማንበብ አስቸጋሪ ነበር፣ ሽንት ቤት ደግሞ ማንም አንብቢ አይልም። ኬኩ ላይ የሚፈሰውን ቢጫ ክሬም ግን ለኔ ሁለት ጭልፋ ነበር የሚያፈሱልኝ፣ ተምሬም ሳልማርም።

ባላቸው ሌን የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። ሲሞቱ ወይዘሮ ትራንተር ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነበር፤ ሰው ሁሉ ድመት ይገዛሉ ብሎ ጠበቀ። ፈረስ ገዙ። ያውም በሕይወታቸው አንድ ቀን ፈረስ ላይ ሳይወጡ። ኖርማንን የሸጠላቸው ቁራጭ ብረት በጋሪ የሚሰበስብ ሰውዬ ነው፤ የሰውዬው ስም ኖርማን ስለነበር ፈረሱም ኖርማን ተባለ። "ሌላ ስም ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም፣ ዝናብ እየመጣ ነበር" ይላሉ። በትምህርት ቤቱ የወጥ ቤት መሰላል ነበር የሚወጡበት። በመጀመሪያው ዓመት ሰው ሻዩን ይዞ በር ላይ ቆሞ ያያቸው ነበር አሉ፤ መሰላሉ በአንድ በኩል፣ ኖርማን በሌላ በኩል፣ እሳቸው መሃል ላይ ተንጠልጥለው።

ኖርማን ጋሪ ሲጎትት ስለኖረ ትራክተር አይፈራም፣ የጭነት መኪና አይፈራም፣ የብረት ኳኳታ እንቅልፍ ነው የሚያመጣበት። የሚፈራው ጃንጥላ እና ድምፅ ሳያሰማ የሚመጣ ነገር ነው።

እኔ ነኛ ድምፅ ሳላሰማ የመጣሁት። ከወይዘሮ ትራንተር ጋር እንደ ትልቅ ሰው የተዋወቅነው እንዲህ ነው። እንቁላል ማሸጊያው ቤት ሥራ የጀመርኩ ሰሞን፣ አሥራ ሰባት ዓመቴ፣ ረፍዶብኝ በፍሊንት መንገድ እየበረርኩ፣ በኖርማን እና በአጥሩ መሃል በግራ በኩል ሹልክ ብዬ አለፍኩ። እዚህ አገር በግራ ዳር ነው የሚነዳው፣ የሚታለፈው በቀኝ ነው። ኖርማን ዘሎ ሳማው ውስጥ ገባ፣ እሳቸውን ይዞ።

"አንቺ!" አሉኝ ከሳማው ውስጥ። "ደወል የለሽም? እሺ ደወል የለሽም፣ አፍ የለሽም?"

"ይቅርታ ወይዘሮ ትራንተር!"

"ታም? አንቺ ነሽ? የኔ ልጅ፣ ፈረስን በግራ አይታለፍም! ብስክሌት ደግሞ ድመት ነው፣ አይሰማም። ከሩቅ 'ደህና አደርክ ኖርማን' በዪ። ድምፅሽን ሲሰማ ሰው መሆንሽን ያውቃል። አሁን ነይ አውጪኝ፣ እግሬ ተቃጠለ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ "ደህና አደርክ ኖርማን" እያልኩ ከጸሎት ቤቱ እስከ መስቀለኛው መንገድ አብረን ነው የምንሄደው። ኖርማን ከፊት፣ እኔ ከኋላ። እኔ ከኋላ የሆንኩት መኪና ሲመጣ መጀመሪያ እኔን እንዲያይ ነው። እሳቸው "አንቺ የኔ መብራት ነሽ" ይሉኛል። ለገና ሁለት አንድ ዓይነት ሰደርያ ገዙ፣ ለሳቸው አንድ፣ ለኔ አንድ። ዓይን የሚወጋ ሮዝ። ከሮዝ ጓንት ጋር። ጀርባው ላይ በትልቁ "እባክዎ ራቅ ብለው፣ ቀስ ብለው ይለፉ" ይላል።

ሕጉን ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። የመንገድ ሕጉ መጽሐፍ ሁሌ ኮታቸው ኪስ ውስጥ ነው፣ ከኖርማን ብስኩት ጋር፤ ገጾቹ ፍርፋሪ አላቸው። አዲሱ ሕግ የወጣ ጊዜ ግንብ ላይ ተቀምጠን ሻይ እየጠጣን አንድ ላይ አነበብነው። እኔ ጮክ ብዬ፣ እሳቸው እየጠበቁኝ። ማንበብ የለመድኩት በዛ ነው ብል አልዋሸሁም። ፈረስ ስታልፍ በሰዓት ከአሥር ማይል በታች፣ ማለትም ሰው ሲሮጥ ያህል፤ ቢያንስ ሁለት ሜትር ርቀህ። ብስክሌት ስታልፍ ደግሞ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል። ብዙ ጉዳት ማድረስ የሚችለው ብዙውን ኃላፊነት ይሸከማል።

"ይሄንን ዓረፍተ ነገር አየሽው?" አሉኝ። "ይሄንን ሌን ቢሰማው በሳቅ ይሞት ነበር። ሃያ ስድስት ቶን እየነዳ ጥፋቱ ሁሌ የሳይክሉ ነበር የሚለው።"

ከዚያ የልብስ ማስጫ ገመድ አምጥተው መንገዱን ለካነው። ፍሊንት መንገድ በሰፊው ቦታ አራት ሜትር ነው። ኖርማን ከነሆዱ አንድ ሜትር። ጋዝ የሚያድለው የኮሊን መኪና ሁለት ሜትር። ሲደመር ሦስት፣ በመሃላቸው ሁለት፣ አምስት።

"አይበቃም" አልኩ።

"አይበቃም።"

"ታዲያ አይቻልም ማለት ነው? ሕጉ እለፉ እያለ?"

"እለፉ አይልም እኮ ታም። *ስታልፉ* ነው የሚለው። እለፉ እና ስታልፉ አንድ ነው እንዴ? ቦታ ከሌለ ቁጭ ብለህ ትጠብቃለህ።"

"ጀርባችን ላይ ግን ይለፉ ይላል።"

ሰደርያውን ዘርግተው ረጅም ጊዜ አዩት። "እሱን የጻፈው ሕጉን አላነበበም" አሉ በመጨረሻ።

እንግዲህ አሠራራችን እንዲህ ነበር። መንገዱ ዳር ያለው የግጦሹ መስክ በር ጋ መንገዱ ሰፋ ይላል። እዛ ስንደርስ ኖርማን ገባ ይላል፣ እጃችንን እናነሳለን፣ መኪናው ያልፋል፣ ሹፌሩም እጁን ያነሳል። ሁሉም ሰው ሁሉንም ሰው ያመሰግናል። እዚህ አገር ሳያመሰግኑ መሄድ ጫማ ሳያደርጉ እንደመሄድ ነው። ወይዘሮ ትራንተር ደግሞ ከሁሉ ይብሳሉ። ላቆመ ያመሰግናሉ፣ ለዘገየ ያመሰግናሉ፣ ጭቃ ረጭቶባቸው ላለፈም እጃቸው ቀድሞ ይነሳና ከዚያ በኋላ ነው የሚሳደቡት።

የ"ቀስ በል" ምልክትም አለ። እጅን ወደ ጎን ዘርግቶ፣ መዳፍን ወደታች አድርጎ ከፍ ዝቅ ማድረግ። የሳቸው ቀኝ ትከሻ ግን ከወጥ ቤት ጀምሮ ደረቅ ነው፤ ወደ ጎን አይሄድላቸውም፣ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ኮሊን አንድ ቀን "ወይዘሮ ትራንተር፣ ትናንት ቀስ በል ነው ያሉኝ ወይስ ባረኩኝ?" ብሏቸው ነበር።

"እንዳየኸው ነው" አሉት። "ብቻ ቀስ በል።"

ኮሊን ቤዶስ የጋዝ ሲሊንደር የሚያድለው ሰውዬ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ይሄን መጻፍ እፈልጋለሁ። ልጅ እያለሁ የብስክሌቴን ሰንሰለት ስንት ጊዜ መንገድ ላይ መልሶልኛል።

እሺ። ማክሰኞ።

ጭጋግ ነበረ፣ ግን ወፍራም አልነበረም። መሬቱ እርጥብ ቅጠል ነበር። አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ። ኖርማን ከፊት፣ እኔ አምስት እርምጃ ያህል ከኋላ። የኮሊን መኪና መጣ፤ ሳይታይ ነው የሚታወቀው፣ ሲሊንደሮቹ ይንኳኳሉ። ደርሶ ከኋላዬ ቀስ አለ። አንድ ኩርባ ጠበቀ። ሁለተኛውን ኩርባ ጠበቀ። ጥሩምባ አልነፋ፣ ምንም። እኔ ግን ጀርባዬ ጋለ። ሰው ከኋላዬ ሲጠብቀኝ አልችልም፣ የሰረቅኩት ነገር ያለ ነው የሚመስለኝ። ለግጦሹ በር ሃያ እርምጃ ቀርቶናል። ዞሬ አየሁት። ፈገግ አለ። እኔም እጄን አነሳሁ።

ለመጠበቁ ማመስገኔ ነበር። *ስለጠበቅከን አመሰግናለሁ*። ይኸው ነው። እለፍ ማለቴ አልነበረም።

ኮሊን ግን ነዳ።

በአጠገቤ ሲያልፍ የመኪናው ጎን የብስክሌቴን እጀታ ሊነካ ምንም አልቀረውም። ቀና ብዬ በመስኮቱ አየሁት፤ እጁን አንስቷል። እሱም እያመሰገነ ነበር! ስላሳለፋችሁኝ አመሰግናለሁ፣ በአንድ እጁ። በሌላኛው መሪውን ይዟል። ከዚያ ጉድጓዱ። ሁሌ እዛ ያለው ጉድጓድ። መኪናው ወደ ግራ ዘለለና የግራ መስታወቱ የኖርማንን ኋላ መታው። ኖርማን ደግሞ ጩኸት ነው እንጂ የማይፈራው፣ መመታት ማን ይወዳል። ሲዘል አላየሁም፣ መኪናው ጋርዶኛል። ሲያቆም እና እኔ ስደርስ ኖርማን መንገዱን ዘግቶ ቆሟል፣ እሳቸው ቦዩ ውስጥ ናቸው፣ አንዱ ሮዝ ጓንት ቅጠሉ ላይ ነው።

"ኖርማን ደህና ነው?" ነበር መጀመሪያ ያሉት።

ኮሊን ወርዶ ሣሩ ላይ ቁጭ አለ። "እጅ ተነስቶልኛል እኮ" ይላል ደጋግሞ። "እጅ አየሁ፣ ሮዝ እጅ አየሁ። ጀርባችሁ ላይ ይለፉ ይላል፣ እጅ ተነስቷል፣ ሌላ ምን ልጠብቅ?"

"የማን እጅ?" አልኩት።

"እኔ እንጃ! ሁለታችሁም ሮዝ ናችሁ!"

እኔ እንጃ። ያቺን ቃል ሦስት ቀን ሙሉ እየሰማኋት ነው። ፖሊሷ መጣች፣ ጥሩ ሰው ናት፣ ትጣደፋለች። ወረቀቱን ሰጠችኝ፤ "ከኋላ የነበርሽው አንቺ ብቻ ነሽ፣ ያየሽውን በራስሽ ቃል ጻፊ፣ አርብ እወስደዋለሁ" አለችኝ። ያኔ መናገር እችል ነበር። "እጁ የኔ ነው" ሦስት ቃል ነው። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። እኔ ነኝ ያሳለፍኩት ካልኩ ምን ይሉኛል? ይከሱኛል? ብስክሌት መንዳት ይከለክሉኛል? ሰው የሰበርኩ እኔ ልሆን ነው? የመንገድ ሕጉን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ገለጥኩት። የቀኝ ምልክት አለ፣ የግራ ምልክት አለ፣ የቀስ በል አለ። የአመሰግናለሁ ምልክት ግን አላገኘሁም። ቀኑን ሙሉ የምናደርገው ነገር መጽሐፉ ውስጥ የለም።

ዛሬ ከሥራ ስወጣ ሆስፒታል ሄድኩ። ወይዘሮ ትራንተር ትራስ ተደግፈው፣ ክንዳቸው ደረታቸው ላይ ታስሮ፣ የሆስፒታሉን የተፈጨ ድንች በሹካ ወዲያ ወዲህ እያሉ ነበር።

"ይሄንን የሠራው ሰው መታሰር አለበት" አሉኝ ሰላም ሳይሉኝ። "ውሃ ነው። ኖርማን በላ?"

"በልቷል። ቁስሉም ደርቋል፣ ትንሽዬ ናት።"

"ኔቪል ተጎታች አላመጣም አይደል?"

"አላመጣም" አልኩ። ያኔ አላየሁትም፣ አልዋሸሁም።

ሹካውን አስቀመጡ። "ታም፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እጄን አንስቼ ነበር?"

"አላየሁም ወይዘሮ ትራንተር። ያኔ ወደ ኋላ ዞሬ ነበር። ከዚያ ደግሞ መኪናው ጋረደኝ።"

"እኔም አላስታውስም። ሞተሩን ሰማሁ፣ ከዚያ ቦዩን አስታውሳለሁ። ግን ታውቂኛለሽ፤ እጄ ራሱ ነው የሚነሳው። ሁሌ አነሳለሁ፣ ስለዚህ አንስቻለሁ። ለኔቪልም ይሄንኑ ነው ያልኩት።"

"ቀስ በል ሊሆን ይችላል እኮ! ትከሻዎ..."

"ሊሆን ይችላል። ግን ኮሊን የገባው እለፍ ከሆነ፣ ሕጉን የማውቀው እኔ ነኝ፣ ማወቅ ያለብኝም እኔ ነበርኩ።" ወደ መስኮቱ ዞሩ። "ከኖርማን ላይ ሆኜ አጥሩ ማዶ ይታየኛል፣ ታውቂያለሽ? መሬት ላይ ሆኜ ቅጠል ብቻ ነው የማየው። ሃምሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ማዶ ምን እንዳለ አላውቅም ነበር። ለካ በግ ነው ያለው።" ሳቁና ትከሻቸውን አመማቸው። "ምንም አይደለም። አሥራ ሦስት ዓመት አይቼዋለሁ።"

ልናገር አፌን ከፈትኩ። እውነቴን ነው የምለው፣ ከፍቼው ነበር። ነርሷ ሻይ ይዛ ገባችና "የኔ ቆንጆዎች፣ የጉብኝት ሰዓት አልቋል" አለች። ወይዘሮ ትራንተር በደህናው እጃቸው አመሰገኗት። እጃቸው ራሱ ተነሳ፣ ሳያስቡት። አየሁት። እና እዛው በሩ ላይ የበለጠ ግራ ገባኝ፤ ማክሰኞም እንዲህ ተነስቶ ከሆነስ? ሁለታችንም አንስተን ከሆነስ? ኮሊን ያየው አንድ እጅ ነው ይላል፤ ግን ሰው ጭጋግ ውስጥ ሮዝ እጅ ካየ ስንት እንደሆነ ይቆጥራል? ከዚያ ወጥቼ ኖርማንን ላበላ ወደ በረቱ ስሄድ ነው ተጎታቹን ያየሁት።

ይኸው አሁን ወረቀቱ ፊቴ ነው። ሰባተኛው ጥያቄ "ፈረሰኛዋ ለሹፌሩ ምልክት ሰጥታለች?" ይላል። ከሥሩ ሁለት ሣጥን አለ፤ "አዎ" እና "አይደለም"። ስለኔ እጅ የሚጠይቅ ጥያቄ የለም። ስለኮሊን እጅም የለም። "አይደለም" ላይ ምልክት ባደርግ ኖርማን ይቀራል፤ ሌላ ማንም አያውቅም። ግን አላየሁማ። ያላየሁትን አየሁ ብዬ ስሜን ከሥሩ ልጽፍ? ወይዘሮ ትራንተር ራሳቸው ወረቀቱን ቢያዩ "ታም፣ ይሄንን ከየት አመጣሽው?" ነው የሚሉኝ። "አዎ" ካልኩ ደግሞ ነገ በገዛ እጄ ኖርማንን ተጎታቹ ውስጥ አስገባሁት ማለት ነው።

ሁለቱንም ሣጥን ባዶ ተውኳቸው። ከጎናቸው ቦታ ስለሌለ ዳሩ ላይ፣ ወረቀቱን አዙሬ፣ በትንንሹ እንዲህ ጻፍኩ፦

"የፈረሰኛዋን እጅ አላየሁም። እጄን ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ ታምሲን፣ ብስክሌት ላይ የነበርኩት። ስለጠበቀን ለማመስገን ነው እንጂ እለፍ ለማለት አይደለም። ሹፌሩ በጎኔ ሲያልፍ አንድ እጁን አንስቶ ነበር፣ እሱም ለማመስገን ነው። ከዚያ ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ሁለት ሜትር አልነበረም። ፍሊንት መንገድ ላይ ሁለት ሜትር የለም፣ ለክተነዋል።"

ፊደል ሳላጠፋ አልቀርም። ፈረምኩ።

አሁን ደግሞ የጠፋኝ፣ ይሄ ወረቀት ማንን እንደሚያድን ነው። ኔቪል "የእማዬ ጥፋት እንዳልሆነ ካየሁ" ነው ያለው። ወረቀቴ የኔ እጅ ነው ይላል፤ የሳቸው አይደለም ግን አይልም። ለሱ ይሄ በቂ ነው? ኮሊንስ "እጁን አንስቶ ነበር" የሚለውን ሲያነብ ምን ይለኛል? እሱ መንጃ ፈቃዱ እንጀራው ነው። እኔን ፖሊሷ ምን ታደርገኛለች? ወይዘሮ ትራንተር ሆስፒታል ፊት ለፊታቸው ሆኜ ዝም ማለቴን ሲያውቁ እንደድሮው "ታም" ይሉኛል?

ነገ አራት ሰዓት ላይ ወረቀቱን ይዤ በረቱ በር ላይ እቆማለሁ። ከሩቅ "ደህና አደርክ ኖርማን" እለዋለሁ፣ እንዳይደነግጥ። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሆን አላውቅም።